የባሌ ልጅ በስሜን ተራራ

ጎንደር አድሬ በማለዳ ወደ ደባርቅ ተነሣሁ፤ መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ዘልቀን ሳንቃበር ስንደርስ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ቁጭ እንዳሉ ሣሩን በጣታቸው እየነጩ፣ ጭብጣቸው ሲሞላ ወደ አፋቸው ይልኩታል።

አብረውኝ ያሉት የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ጠመንጃቸውን በጋቢያቸው ላይ አንግተዋል። «ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«እሱንስ አገሬ አውቀዋለሁ ጋሼ፤ የባሌ ልጅ ነኝ። እኛ ጄዳላ ፈርዳ እንለዋለን፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው።»

«ምን አይተው ነው እንዲያ ያሉት?»

«ባዝራ ወይም ላም መውለጃዋ ሲደርስ ይከተላታል፤ የእንግዴ ልጁን ለመብላት።»

«እንግዲያ ስሙን ያወጣው እረኛ ነዋ!» አሉ።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የቃል ምንጭ የቋንቋ ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ነው፣ የሳይንስ ተማሪ ትርጓሜውን ከያዘ ይበቃዋል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ግማሹን እቀበላለሁ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1840 ይህን እንስሳ ካኒስ ሲመንሲስ ሲለው «የስሜኑ» ማለቱ ነበር። ስሙን አምኖ እዚህ ብቻ የሚፈልገው ግን ይሳሳታል፤ አብዛኞቹ የሚኖሩት ባሌ ተራሮች ላይ ነው። «ቀበሮ» የሚለውን የተከተለም ይስታል፤ ዘረመሉ ሲመረመር ለተኩላ የሚቀርብ ሆኖ ተገኝቷል። እንስሳው ምን እንደሆነ የሚነግረን አካሉና ዘረመሉ እንጂ ስሙ አይደለም።

ስሙ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፤ ማን፣ የት፣ ምን እንዳየ። ጄዳላ ፈርዳ የእንስሳውን ጠባይ ይዟል፤ ሲመንሲስ ሳይንስ መጀመሪያ ያወቀበትን አገር። ፊቴ ሣር የሚነጩት ጭላዶችም በሳይንሱ መዝገብ ገላዳ ናቸው፤ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ሲጽፋቸው የአገሬውን ሰው አፍ ተከትሎ ነው። ጤፍም ኢራግሮስቲስ ተፍ ተብሎ ከነስሙ ገብቷል። ተማሪዎቼ ግን የሳይንስ ቃል ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ይሸመድዱታል እንጂ አይጠይቁትም። ይህ ያሳዝነኛል። ከቃሉ ውስጥ እረኛ ሲወጣ፣ እረኛው ያየውን እኔም ልየው የሚል ልጅ መነሣቱ አይቀርም።

ክፍል ስመለስ ትርጓሜውን አስቀድማለሁ፤ ምንጩንም አስከትላለሁ። ምንጩ ላይ ስደርስ የምጠይቃቸው የስካውቱን ጥያቄ ነው፦ ምን አይተው ነው እንዲያ ያሉት?