በጥር የተሸጠ ማጫወቻ

ፖለቲካ መጻፍ የለመደ ብዕር አንዳንድ ቀን ማረፍ ያምረዋል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ አላወራም፤ የማወራው ስለ አሮጌ የዲጄ ዕቃ ነው። ይሁንና ውድ አንባቢ፣ ወሬው የት እንደሚያደርሰን አስቀድሜ ዋስትና አልሰጥም። አገራችን ስለ ሠርግ ዘፈን ጀምረው መንግሥትን ሳያነሡ የሚጨርሱባት አገር አይደለችምና።

ነገሩ የተጀመረው ከአጎቴ በወረስኳቸው ሸክላዎች ነው። ጥቂት ናቸው፤ ግማሾቹም ተጭረዋል። አብዛኞቹ በግራና በቀኝ አንዳንድ ዘፈን የያዙ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች ሲሆኑ ከመካከላቸው የአምሃ ሪከርድስ ምልክት ያለባቸው ይገኛሉ። የዛሬ ወጣት ላያውቀው ይችላል እንጂ እነዚህ ሸክላዎች ከሙዚቃም ያለፈ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ክልከላ ወደ ጎን ትቶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አወጣ። ያሰረው አልነበረም። እስከ 1975 ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ 103 ነጠላ ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን ለሕዝብ አደረሰ። በዚህ መካከል አብዮቱ መጣ፤ አብሮትም የሰዓት እላፊ መጣ፤ አምሃም ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ሸክላውም ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። አሳታሚውና ዘፋኙ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ዐረፉ። ዛሬ እነዚያ ሸክላዎች በአውሮፓ ሰብሳቢዎች ዘንድ በመቶ በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ።

እኔ ግን የምፈልገው መሸጥ ሳይሆን መስማት ነበር። ከዚያም አልፎ፣ በዚህ ዕድሜዬ የማያምርብኝ ምኞት አደረብኝ፤ ሁለት ማጫወቻና አንድ ሚክሰር ሳሎኔ ውስጥ አስቀምጬ አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላውን ማስከተል ተመኘሁ። ዲጄዎች የሚመኙት ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 የተባለው የሸክላ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1972 ገበያ ላይ ወጥቶ በ2010 ምርቱ ቆመ፤ ፈላጊው ስለበዛ በ2016 ተመለሰ። አሮጌው እንኳ ለእኔ ኪስ ከባድ ነው። በርካሽ ያገኘሁት ሌላ ማጫወቻ ከአሜሪካ የመጣ ነበር። ሻጩ «ይሠራል» አለኝ፤ በእርግጥም ይሠራል፣ ግን በ120 ቮልት። እኔ ጀርባውን ሳላነብ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሰካሁት። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ለሦስት ቀን ከቤቴ አልወጣም። ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ሁሉ፣ ከሻጩ አፍ በፊት የዕቃውን ጀርባ አንብቡ።

በዚህ መካከል፣ በጥር 2016 ዓ.ም.፣ መንገዱ ተከፈተ በተባለበት ሳምንት ልቅሶ ለመድረስ ወደ ፍኖተ ሰላም ወረድኩ። የስሟን ትርጉም ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በዚህች ከተማ ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናግረው ነበር። እኔ በሄድኩበት ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ አልተነሣም፤ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ ሰውም ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

በድንኳኑ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጠ ዘመድ ስለ ሸክላዎቼ ስነግረው ፈገግ አለና «እዚህ አንድ ዲጄ ዕቃውን እየሸጠ ነው» አለኝ። ደነገጥኩ። ጥር እኮ ነው! በእኛ አገር ጥር የሠርግ ወር ነው። በጥር ማጫወቻውን የሚሸጥ ዲጄ በሰኔ በሬውን እንደሚሸጥ ገበሬ ነው። ችግሩን ለማወቅ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም።

ቤቱ ሄድኩ። ከሠላሳ ዓመት ብዙ የማያልፍ ልጅ ነው። ከቡሬ እስከ ጂጋ፣ ማንኩሳንም ጨምሮ፣ ያላጫወተበት የሠርግ ድንኳን እንደሌለ ነገረኝ። ዕቃው ሁለት የፓዮኒር ሲዲ ማጫወቻ፣ አንድ ሚክሰር፣ አንድ አምፕሊፋየርና ከመዝጋቱ በፊት ከነበረ ሙዚቃ ቤት የገዛው ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ነው። ድምፅ ማጉያዎቹን አስቀድሞ ሸጧቸዋል።

ከተቃጠለው ማጫወቻ ተምሬያለሁና በጥንቃቄ ፈተሽኩ። የሚክሰሩን ማንሸራተቻዎች አንድ በአንድ ወደ ላይና ወደ ታች ወሰድኳቸው፤ አቧራ የገባበት ይንጫጫል፤ አንዱ ብቻ ተንጫጫ። ሲዲ ማጫወቻውን ከፋብሪካ በወጣ ሲዲ ሳይሆን ቤት ውስጥ በተቀዳ ሲዲ ሞከርኩት፤ ሌንሱ የደከመ ማጫወቻ የሚያስቸግረው እንዲህ ባለው ላይ ነውና። ሁለቱም አነበቡ። የካሴቱ ቺንጋ ግን ላልቶ ኖሮ ዘፋኙ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው እየተጎተተ ይዘፍናል። ልጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ እሱን ቺንጋ ይቀይሩለት እንጂ በኢንተርኔቱ ጊዜ ጉድ ያደረገው እሱ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘፈኑን ሁሉ ከስልኩ ላይ ከኢንተርኔት የሚሰማው ሰው ኔትወርኩ ሲቋረጥ ሙዚቃውም ተቋረጠበት። ያን ጊዜ ሰፈርተኛው ወደዚህ ልጅ ይመጣ ጀመር፤ ፍላሽ ያለው በፍላሽ፣ አሮጌ ቴፕ ያለው በካሴት ያስቀዳል። እኔም እያዳመጥኩ የአምሃን ነገር አሰብኩ። አገር ፍቅር ብቻ ያሳትም በተባለበት ዘመን ሙዚቃውን የያዘው ትእዛዝ ነበር፤ ዛሬ የሚይዘው ማብሪያና ማጥፊያው በሌላ ሰው እጅ ያለ መስመር ነው። ሸክላና ካሴት ያለው ሰው ቢያንስ የራሱ የሆነ ነገር አለው። እርግጥ መብራት ሲጠፋ ሁላችንም እኩል ነን።

ወደ ዋጋው መጣን። 60 ሺህ ብር አለ። እኔ 35 አልኩ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ እኔ ስለ ሕዝብ መከራ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ያ መከራ ለኪሴ እየሠራልኝ መሆኑን አውቄ ነው የተከራከርኩት። ልጁ አልተከራከረኝም። ዝም አለ። ክርክር ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በ40 ሺህ ተስማማን። ብሩን ከቆጠረ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ዘመን ተመልሶ ሠርግ ሲጀመር በዚሁ ዋጋ ይመልሱልኛል?»

የጎጃም ሰው ነገሩን ወዲያው ያውቀዋል። አባቶቻችን ወለድ አገድ የሚሉት ነው፤ የቸገረው ሰው መሬቱን ይሰጣል፣ ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ ተቀባዩ ያርሰዋል፣ የተመለሰ ዕለት ማሳው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። «እመልሳለሁ» አልኩት። ወረቀት አልጻፍንም፤ የልቅሶ ቤት ሰው ነኝ፣ ቃሌ በቂ መሰለው።

ቃል መስጠት የሚቀለው ዋጋ እስካልተለወጠ ድረስ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። በባንክ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃም አብሮት ወጣ። አንድ ጓደኛዬ ቤቴ መጥቶ ሚክሰሩን አየና ለእሱ ብቻ 40 ሺህ ሊሰጠኝ ፈለገ። ታሪኩን ነገርኩት። «ጽፈሃል?» አለኝ። አልጻፍኩም። «ታዲያ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ዘፈን ባጫወትኩ ቁጥር ያ «ታዲያ» ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይመጣብኛል።

እኛ መንግሥታትን ቃላችሁን አጠፋችሁ እያልን ስንከስ ኖረናል፤ እኔም በዚህ ዓይነት ክስ ብዙ ገጽ አጥቁሬያለሁ። የመንግሥት ሰው ቃሉን ሲያጥፍ የሚሰጠው ምክንያት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሁኔታው ተለውጧል ይላል። ሁኔታውማ በእኔም ሳሎን ተለውጧል። ሚክሰሩ አሁን ዋጋው ሌላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጠራ። ከፍኖተ ሰላም ነው። ከሰላምታው በኋላ ትንሽ ዝም ብሎ «ጋሼ፣ ያ ቃል አለ?» አለኝ።

«አለ» አልኩት። አፌ ከልቤ ቀደመ፤ ልቤም ቆይቶ ደረሰ።

«አሁን ልወስደው አይደለም፤ ገና ነው። እንዳለ ለማወቅ ያህል ነው» አለና ስለ ቺንጋው ጠየቀኝ። አስቀይሬዋለሁ።

ያን ማታ ማንሸራተቻዎቹን በአልኮል ጠርጌ፣ የማልጠቀምበትን ገመድ ጠቅልዬ፣ ዕቃው የመጣበትን ካርቶን ከአልጋ ሥር አውጥቼ በር አጠገብ አኖርኩት። እስከዚያው ሁለቱን ማጫወቻ እያፈራረቅኩ እሰማለሁ። አንዱን ዘፈን ከሌላው ጋር ማገናኘት ግን እስካሁን አልተሳካልኝም።

ለፍኖተ ሰላምም ለሁላችንም የሠርግ ጥር ያምጣልን። ቸር እንሰንብት።