ቾምቤ በአዲስ አበባ

በከሚሴ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቡና ቀርቦ የአፍሪካ ወሬ ሲነሣ፣ የኮንጎው የነጻነት መሪ የሉሙምባ ስም በምርቃት፣ የሞይስ ቾምቤ ስም በእርግማን ይታወሳል። እኔ ግን እርግማኑን ለጊዜው አቆይቼ፣ ያ ሰው በ1956 ዓ.ም. በጳጉሜን ቀናት፣ አዲስ አበባ በተሰበሰበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ጉባኤ መካከል፣ የመላዋ ኮንጎ ጠቅላይ ሚኒስትር ተብሎ የተቀመጠበትን ሰዓት ማሰላሰል ይቀናኛል።

ከባለጸጋ ነጋዴ ቤት የተወለደው፣ ከሉንዳ ነገሥታት ጋር የሚዛመደው ቾምቤ፣ ኮንጎ ነጻ በወጣች ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1952 የካታንጋን ክፍለ ሀገር ገንጥሎ በመንበሩ ሲሰየም፣ የካታንጋ መዳብ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ዩኒየን ሚንየር ግብሩን ለእርሱ ግምጃ ቤት ይከፍል፣ የቤልጅግ መኮንኖችም ሠራዊቱን ያሠለጥኑለት ነበር፤ ሉሙምባም የተገደለው በዚያው በካታንጋ ምድር ነው። በተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር የዘመቱት የኛ ወታደሮች በኤልሳቤትቪል ከቾምቤ ጀንደርሞችና ከነጭ ቅጥረኞቹ ጋር ተታኩሰዋል፤ ግንጠላው በጥር 1955 ሲያከትም የመላው ዘማች ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ።

እንግዲህ ይኸው ሰው፣ ግንጠላው ካከተመ በኋላ ከተሰደደበት ተመልሶ ሥልጣነ መንግሥት በጨበጠ ማግስት፣ የምሥራቅ ኮንጎን ዓመፅ ለማብረድ ጦር ላኩልኝ ብሎ ከለመናቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች!

የጨፋን ሜዳና የቦርከናን ውሃ በየበጋው ከአፋር ከብት አርቢ ጋር፣ አንዴ ተስማምቶ አንዴም ተጣልቶ ለሚካፈል ለኛ አገር ሰው፣ የሀብት ድርሻ ክርክር እንግዳ ነገር አይደለምና፣ የካታንጋ ሰው መዳቡ ለሌላ መትረፉን ቢጠላ አልፈርድበትም። ቾምቤን የምወቅሰው ይህን እውነተኛ ቅሬታ ለባዕድ ኩባንያ መጋረጃ ስላደረገው ነው፤ መገንጠሉንም አንድነቱንም እንደ ሃይማኖት አልያዛቸውም፤ ሁለቱም ለወንበሩ መወጣጫ ነበሩ።

የአዲስ አበባው ጉባኤ ዓመፁን ለማብረድ ያሰለፋቸውን ነጭ ቅጥረኞች አሰናብት አለው፣ በጆሞ ኬንያታ የሚመራ ኮሚሲዮንም አቆመ፤ ጦር ግን አላገኘም፣ እርሱም ቅጥረኞቹን አላሰናበተም። በ1958 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ካሳቩቡ ሻሩት፤ ከዚያ ሥልጣን የያዘው የጄኔራል ሞቡቱ መንግሥትም በሌለበት ሞት ፈረደበት፤ ሰኔ 23 ቀን 1959፣ ልክ በኮንጎ የነጻነት በዓል ዕለት፣ የተሳፈረበት አውሮፕላን ተጠልፎ አልጄሪያ ገባ። አልጄሪያም ለሞቡቱ አሳልፋ ሳትሰጠው፣ ሳትለቀውም፣ ሁለት ዓመት አሥራ አቆየችው፤ ሰኔ 22 ቀን 1961 ልቡ ቆሞ ሞተ ተባለ፣ የተቀበረውም በቤልጅግ ነው።