ለወፍ ጥይት ማን ያወጣል?

ኢሉባቦር፣ መቱ አጠገብ የሚያርስ አጎቴ በቆሎው እሸት ሲይዝ የሚያሰልፈው ጦር አይለወጥም፦ ማማ፣ ወንጭፍ፣ ጅራፍ፣ ትምህርት ቤት የተዘጋለት ልጅ። ዘንድሮ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዳችን «ቁጥር 12 የአደን ጠመንጃ ቢኖር ወፍ ድርሽ አይልም» ብሎ አስተማረን።

ቁጥሯ ከነከነችኝ። ለካ በአፈሙዙ ልክ የተድቦለቦሉ 12 የእርሳስ ኳሶች ተደምረው የእንግሊዝ አንድ ፓውንድ፣ 453 ግራም ግድም ይመዝናሉ። ዛሬ አንዱ ጥይት የሚይዘው ደቃቅ እርሳስ 28 ግራም አካባቢ ነው። ግሪሳ ወፍ 20 ግራም ብትሞላ ነው፤ እርሳሱ ከወፏ ይከብዳል! ግሪሳ እርግጥ የስምጥ ሸለቆና የቆላ ማሽላ ጠላት እንጂ የኢሉባቦር አይደለችም። ለሷ የሚላከውም መርጫ አውሮፕላን ነው። የመቱ ወፍ እሸቱ ላይ ናት፤ እሷ ላይ ቢተኮስ እሸቱም ይቆስላል።

አጎቴ «ወፍ ተኩስ ትለምዳለች» ይላል። እኔ ግን ወፍ ላይ የማይተኮስበት ምክንያት ሌላ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ፦ ጥይት ገንዘብ ነበር። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት በምኒልክ ዘመን እንደ ዝርዝር ሳንቲም ገበያ ላይ ይዞር ነበር። የማርያ ቴሬዛ ብር በርበሬ ለመሸመት ትልቅ ነው፤ አሞሌ ጨው ደግሞ ዝናብ አይችልም፣ የኢሉባቦርን ዝናብ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። በ1887 ዓ.ም. የተመታው የምኒልክ ብርም ጥይቱን ቶሎ ከገበያ አላስወጣውም። እ.ኤ.አ. በ1902 ውል እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ካገኙ በኋላ ቡናውን ከጎሬ ወደ ባሮ የሚያወርድ ነጋዴ፣ ወፍ ላይ መተኮስ ሳንቲሙን ዛፍ ላይ እንደ መወርወር ይሆንበት ነበር።

አጎቴ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «እንግዲያው ለሠርግና ለለቅሶ ሰማይ ላይ የሚተኩሱት የማንን ገንዘብ ነው?» አለኝ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም፤ ለሰማይ ለግሶ ለወፍ የሚሰስት ሰው ግን አለ፣ እኔም አይቻለሁ። ደግሞ በቆሎውን በአንድ ሌሊት የሚጨርሰው ከርከሮ ነው፣ ቀን ደግሞ ዝንጀሮ፤ ስሟ የጠፋው የወፏ ብቻ ነው።

ዘመዳችን አልተመለሰም። የጦር መሣሪያ ፈቃድ ለማውጣት አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን እያነበበ ነው። ገና መግቢያው ላይ ነው፤ በቆሎው ግን ከወዲሁ እየደረቀ ነው።