«መሬቱ ላምባ ላምባ ይሸታል» ሲሉን

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ነዳጅ ነው። ስለ ዋጋው አይደለም፤ እሱንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከመሬት በታች ስለሚቀበረውና ማንም ስለማያየው ነዳጅ ነው። መጀመሪያ ግን የራሳችንን ጥፋት እንናገር።

ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እዚሁ ሐደራ፣ ከአንድ ቤንዚን ማደያ ጀርባ ባለች ባዶ ቦታ ላይ እናቶች ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም ይተክሉ ነበር። ማንም አልፈቀደላቸው፣ ማንም አልከለከላቸው። ከእነሱ አንዷ እናት ወደ ሪቫሃ ቢሯችን በመጡ ቁጥር ጉዳያቸውን ከጨረሱ በኋላ እንደገና ይቀመጡና «ልጆቼ፣ መሬቱ ላምባ ላምባ ይሸታል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ይብሳል» ይሉናል።

እኛ ራሳችንን እንነቀንቃለን። በ1991 በአውሮፕላን ስንመጣ የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጆች ነበርን፤ አማርኛችን የእናታችን ጓዳ አማርኛ ነው። ላምባ ሲባል ትዝ የሚለን ኩራዝ ነው፤ የጭሱ ጥቁር፣ የእናታችን ጥላ ግድግዳው ላይ። ስለዚህ «አገር ቤት ናፍቋቸው ነው» አልን። ፋይሉ ላይ በዕብራይስጥ ብቸኝነት ይሰማቸዋል ብለን ጻፍን። ለአለቃችን ስንተረጉም ደግሞ ላምባን «ኔፍት» አልነው። አለቃችንም «ዛሬ ሐደራ ውስጥ ማን ኔፍት ያነዳል?» አለች። ነገሩ እዚያው ቀረ። ተምረናል ባዮቹ እኛ ነን እንግዲህ።

አንድ ክረምት ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ሌላ ጉዳይ ይዘን ወደዚያው ሰፈር ሄድን። እናትየዋ እጃችንን ይዘው ወደ ጎመኑ ወሰዱን። በአካፋ አንድ ክንድ ያህል ቆፈሩና «አሽትቱ» አሉን። አሸተትን። ኔፍት አልነበረም፣ ቤንዚን ነው። ጥርት ያለ ቤንዚን።

ያን ቀን ለኢሪያ 106 ደወልን፤ ለአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር፣ ለሚስራድ ለሃጋናት ሃስቪቫ ማለት ነው፣ በኮከብ 6911 ደወልን። ባለሙያዎች መጥተው አፈሩን ቆፍረው ወሰዱ፤ ቱቦ ቀብረው የአፈሩን ጋዝ ሳቡ። የሚያፈሰው ከጋኑ ወደ ማደያው የሚሄድ ቧንቧ መገጣጠሚያ ሆኖ ተገኘ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እናስረዳ፤ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁን ነው። ቤንዚን ስትቀዱ የምታዩት መሣሪያ ነዳጁን የሚስበው ከሥሩ ከተቀበረ ትልቅ ጋን ነው፤ አንዱ ጋን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሊትር ይይዛል። የድሮዎቹ አንድ ግድግዳ ያላቸው የብረት ጋኖች ናቸው። ብረት በእርጥብ አፈር ውስጥ ሃያ ሠላሳ ዓመት ሲቀመጥ ይዝጋል። ቤት ውስጥ ያለ ጋን ቢያንጠባጥብ ሥሩ ይርሳል፣ እናት ታያለች፣ ጠላው ሳያልቅ ታነሳዋለች። የተቀበረውን ማን ያያል? በሴኮንድ አንድ ጠብታ ብቻ ቢፈስ በቀን ከአራት ሊትር በላይ፣ በዓመት ወደ 1,500 ሊትር ይሆናል። ባለማደያው ሒሳቡን በደንብ ካልተከታተለ ይህን ጉድለት ላያውቀው ይችላል።

የሐደራ መሬት ደግሞ አሸዋና ኩርካር ነው። ውኃ እንደሚወርድበት ቤንዚንም ይወርድበታል። ከታች ከቀርሜሎስ እግር ጀምሮ እስከ ጋዛ የተዘረጋው የባሕር ዳርቻ የከርሰ ምድር ውኃ አለ። ቤንዚን ከውኃ ስለሚቀል እዚያ ሲደርስ እንደ ወጥ ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል። ሁሉም ግን ተንሳፎ አይቀርም፤ ቤንዚን ውስጥ ካለው ነገር ከፊሉ ይሟሟል። ከሁሉ የሚፈራው ቤንዚን የሚባለው ነዳጅ ራሱ ሳይሆን በውስጡ ያለው ቤንዚን የሚመስል ስም ያለው «ቤንዜን» ነው። ለረጅም ጊዜ የተነፈሰው ወይም የጠጣው ሰው የደም ካንሰር ሊይዘው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ቤንዜኑ ከመቶ አንድ የሆነ አንድ ሊትር ነዳጅ፣ በዚህ ሒሳብ ከ700 ሺ ሊትር በላይ ውኃ እስከዚያ ወሰን ያደርሳል። አንድ ሊትር ብቻ!

አንድ አባት ይህን ስንነግራቸው «ምን ችግር አለው፣ የምንጠጣው የባሕር ውኃ ነው አይደል?» አሉን። ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነት ነው፣ ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ እዚሁ ሐደራ የባሕር ውኃ ጨው የሚያጣራ ትልቅ ፋብሪካ አለ፤ በዓመት 127 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንዲያጣራ የተሠራ ነው። ነገር ግን ከመሬት በታች ያለው ውኃ የአገሪቱ ጎተራ ነው። ፋብሪካ ቢቆም፣ ባሕሩ ቢበከል፣ ዞሮ ዞሮ የሚወጣው ከእሱ ነው። ደግሞ ትነቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ምድር ቤትና ወደ ሚክላት ይገባል። ውኃውን ባንጠጣውም አየሩን እንተነፍሰዋለን።

አገር ቤት ምንጭ እንዴት እንደሚጠበቅ እናንተ ናችሁ የምታስተምሩን። ከላይ የሚጠጣ ይቀዳል፣ ከእሱ በታች ከብት ይጠጣል፣ ከዚያ በታች ልብስ ይታጠባል። ይህን የሚያፈርስ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቀርብ ነበር። እዚህ አገር ሥራው የሕግ ነው። የውኃ ሕግ በ1959 ወጣ። ቤንዚን ማደያዎችን ብቻ የሚመለከት የውኃ ብክለት መከላከያ ደንብ ደግሞ በ1997 ወጣ፤ ጋንና ቧንቧ እንዲመረመር፣ አዲሱ እጥፍ መከላከያ እንዲኖረው፣ ሲፈስ የሚያሳውቅ መቆጣጠሪያ እንዲኖር፣ የፈሰሰ ነገር ካለም ለባለሥልጣን እንዲነገር ያዛል። እኛ ብቻ ዘግይተናል ማለት አይደለም። አሜሪካ ስለዚሁ ሕግ ያወጣችው በ1984 ነው፤ ለድሮ ጋኖች እስከ 1998 መጨረሻ ድረስ ጊዜ ሰጠች። እስካሁን እዚያ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ፍሳሽ ተገኝቷል።

ኅዳር ላይ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2014 ዲሴምበር፣ ኤይላት አቅራቢያ ኤቭሮና ላይ የነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ ወደ አምስት ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ ዘይት ሲፈስ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየው። የተቀበረ ጋን ካሜራ አይመጣለትም። አፍንጫ ያለው ሰው ካልተናገረ በስተቀር።

ማጽዳቱ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። የተበከለው አፈር ተቆፍሮ በፈቃድ ወደሚቀበል ቦታ ይጫናል። ጥልቅ የሆነውን በቱቦ ጋዙን ይስቡታል፤ ውኃው ላይ የተንሳፈፈውን ይጠልፋሉ። አንዳንድ ቦታ አየር ወደ ታች ይነፉና ነዳጅ የሚበሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራቸውን እንዲሠሩ ይተዋሉ። ወራት ሳይሆን ዓመታት ይፈጃል።

በእናቶች ቦታ የሆነውም ይኸው ነው። አጥር ታጠረ፤ ጎመኑ ተነቀለ፤ እንዳይበላም ተባለ። ሽታውን የነገሩን እናት ወዳጆቻቸው ተቀየሟቸው። «አፍሽን ብትይዢ ኖሮ መሬታችን አይሄድም ነበር» ያሏቸው አሉ። እውነቱን ለመናገር ሌሎቹም ሸትቷቸው ነበር፤ ፈቃድ ስለሌላቸው እንዳይነሡ ፈርተው ዝም አሉ። ይህን ፍርሃት እኛ ቢሮ ውስጥ በየቀኑ እናየዋለን። በኢሪያ በኩል ሌላ ቦታ ጠይቀንላቸዋል፤ የተሰጠው ከሰፈሩ ይርቃል፣ ጉልበት የሚያማቸው እናቶች አይደርሱበትም። ጉዳዩ ገና ነው።

ስለዚህ ከምድር ቤታችሁ፣ ከጓሯችሁ፣ ከጉድጓድ ወይም ከቧንቧ ውኃ የነዳጅ ሽታ ከመጣባችሁ ክብሪት አትጫሩ፣ ከዚያ ቦታ የበቀለውንም አትብሉ። 106 ደውሉ። ዕብራይስጥ የሚያውቅ ልጅ ከጎናችሁ ካለ «ሬያሕ ሼል ደሌክ» ብሎ ይንገር፤ ላምባ ብላችሁ ከነገራችሁት «ኔፍት» ብሎ እንዳይተረጉመው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያናገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ካልመለሱላችሁ ወደ እኛ ኑ፤ አሁን እናሸታለን።

ፋይሉ ላይ የጻፍነውን አርመናል። እናትየዋ ባለፈው ሳምንት መጥተው ነበር። ጤና አዳማቸው በወይራ ጣሳ ውስጥ ደረጃው ላይ እያደገላቸው ነው። «ያ መሬት መቼ ይነጻል?» ሲሉን «ዓመታት ይወስዳል» አልናቸው። «ዘሩን ታዲያ እናንተ ያዙልኝ» ብለው በወረቀት የተጠቀለለ የጎመን ዘር ጠረጴዛችን ላይ ትተው ሄዱ።