ጭራቁ የማን ነው?

ታዳጊዎችን ከጭራቅና ከጠንቋይ ጋር እያጋጠሙ የሚያስቁ ፊልሞች ሲገመገሙ በብዛት የሚቆጠረው መልክ ነው፤ ጥቁር ልጅ አለች? ሂጃብ የለበሰችስ ታየች? እኔ ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጭራቁ ከማን ፍርሃት እንደተወለደ ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ቫምፓየርስ ቨርሰስ ዘ ብሮንክስ» ደም መጣጮቹን የሰፈሩን ሱቅና ቤት እየገዙ ነባሩን ነዋሪ የሚያፈናቅሉ ባለገንዘቦች አድርጓቸዋል፤ ልጆቹ እየሳቁ የሚገጥሙት ወላጆቻቸው ማታ ማታ የሚጨነቁበትን ጉዳይ ነው። የ2022ቱ «ተርኒንግ ሬድ» ደግሞ በቶሮንቶ የምታድግ የ13 ዓመት የቻይናውያን ልጅ ስሜቷ በገነፈለ ቁጥር ግዙፍ ቀይ ፓንዳ ስትሆን ያሳየናል። እናቷን ላለማሳዘን ስትውጠው የኖረችው ነገር ነው አውሬ ሆኖ የወጣው። እነዚህ ፊልሞች የሚያሳምኑኝ በተዋንያኑ መልክ ብቻ ሳይሆን ጭራቃቸው ከልጆቹ ቤት የወጣ ስለሆነ ነው።

በዚህ መስፈርት የሶማሌላንዷ ከተማ ሀርጌሳ ባለጸጋ ናት። የሶማሌ ልጆች የሚያድጉት በደግዴር ተረት ነው፤ ደግዴር በረጅም ጆሮዋ የሩቁን ኮቴ ሰምታ መንገደኛ የምታሳድድ ሰው በላ ሴት ናት፣ እሷ ስትሞት አገር ሰላም ያገኛል። ሳቁም ቢሆን ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ ከተማዋ የራሷ የቴአትር ቅርስ አላት። እ.ኤ.አ. በ1988 የያኔው የሶማሊያ ገዥ የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲያወድሙ ከመሬት በታች ተቀብረው የተረፉ የሬዲዮ ካሴቶች ነበሩ፤ ዛሬ በሀርጌሳ የባህል ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ የዘፈንና የቴአትር ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። ያን የቴአትር ቋንቋ የወረሰ ወጣት ደራሲ ከሆሊውድ ጭራቅ የሚበደርበት ምክንያት አይታየኝም።

«ተረት እኮ ራሱ ንጹሕ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ከሁሉም የሚከብደኝም ይኸው ነው። ሶማሌዎች ይብር የሚባሉትን ወገኖች አስማት ያውቃሉ ብለው እየፈሩ ከጋብቻ አግልለዋቸዋል፤ እኛም አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ብለን ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ስንል ኖረናል። የአገር ተረት ስለሆነ ብቻ ይህን ወደ ታዳጊ ኮሜዲ ማስገባት በተገፋ ልጅ ላይ ሙሉ አዳራሽ ማሳቅ ነው። «ቀልድ ነው፣ አታክብዱት» የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ቡዳ የሚለው ስድብ ትምህርት ቤት ግቢ የሚደርሰው በስብከት ሳይሆን በቀልድ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ፍርሃቶች መለየት ግድ ይላል። ደግዴር የተወለደችው ደካማው ሊበላው የሚችለውን ኃይለኛ ከመፍራቱ ነው፤ የይብርና የቡዳ ወሬ ግን ብዙኃኑ ጥቂቶችን ለማራቅ የፈጠረው ነው። የመጀመሪያው ለፊልም ይሁን፤ ሁለተኛውን ፊልሙ ራሱ ይፋለመው።

የሀርጌሳም የአዲስ አበባም የፊልም ጸሐፊዎች ሆይ፣ ደግዴርን ጻፏት። የይብሯን ልጅ ግን ጠንቋይ አታድርጉብን፤ ደግዴርን በብልሃት የምታሸንፈው እሷ ትሁን።