ሞቷል የተባለው ማሽን

አክስቴ መርሳ ላይ አንዲት ጠባብ ካፌ አለቻት። የድሮው የማኪያቶ ማሽኗ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ጠፋ። ዘንድሮ ዕቁብ ሲደርሳት ከአዲስ አበባ ያገለገለ ገዛች። ሰክተን ብንጠብቀው ቡናው ጠብ፣ ጠብ… ብቻ! ከወልዲያ የመጣው ባለሙያ «ፓምፑ ሞቷል፣ ይቀየር» አለና ዋጋውን ነገረን። አክስቴ ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ ገንዘብ ሲያልቅባት ነው።

እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። በአንድ ምንጭ ዜና አይሠራም ተብያለሁ። ስለዚህ ማሽኑን ራሱን ጠየቅኩት። ቡና ሳንጨምር ከፈትነው፤ ያው ጠብ ጠብ። የፓምፑ ግፊት መለኪያ ግን 9 ባር ላይ ቆሟል። ለኤስፕሬሶ የሚፈለገውም እሱው ነው። የሞተ ፓምፕ እንዲህ አይገፋም! ታዲያ ውሃው የት ቀረ?

ከመብራት ነቅለን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን፣ ከላይ ውሃ የሚያወርደውን ወንፊት ፈታን። የዓመታት የቡና ቅባት እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ደፍኖታል። በቡና ማሽን ማጠቢያ ዱቄትና በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈን፣ በብሩሽ ፈትገን መለስነው። ከዚያ እጀታው ላይ ቀዳዳ የሌለውን ወንፊት ገጥመን ውስጡን በዱቄቱ ደጋግመን አጠብነው፤ በንጹሕ ውሃም አለቀለቅነው።

የመጀመሪያዎቹን ስኒዎች ደፋን። ቀጣዩን አክስቴ ቀመሰችና «ማነው ሞቷል ያለው?» አለች።

አሁን ማሽኑ ሳይታጠብ ካፌው አይዘጋም። እናንተስ፣ ስንቱን ነገር ሳታጥቡ ቀበራችሁት?