ከራያ ቆላ እስከ ወልድያ ስታዲየም

ከቆቦ ወደ ወልድያ ስንጓዝ የዞብል ተራራ በስተ ምሥራቅ ይታየናል፤ የራያ ቆላ የማሽላ እርሻም ግራና ቀኝ ይሸኘናል። ሮቢትንና ጎብየን አልፈን፥ 50 ኪሎ ሜትር ያኽል ተጕዘን ዳገቱን ስንወጣ ወልድያ እንገባለን።

በዚኽች ከተማ በሼሕ መሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲ ስም የተጠራው ስታዲየም በጥር ወር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ25 ሺሕ በላይ ተመልካች ያስቀምጣል፤ ለእግር ኳስ ብቻ ሳይኾን ለሩጫ፥ ለዋናና ለሌላም ስፖርት እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው።

ዳሩ ግን በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. የወልድያና የመቀሌ ቡድኖች ሊጋጠሙ በተቀጠረበት ቀን በከተማው ጠብ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጨዋታውም ሳይደረግ ቀረ። የመቀሌው መንገድ በቆቦ በኩል የሚያልፍ ነውና፥ ነገሩ ለራያ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም።

ራያ ቆቦ ዘወልድ በሚባለው ሥርዓት ሽማግሌዎች ደመኞችን ሲያስታርቁ የኖሩበት አገር ነው። ደም በሚደርቅበት አገር ስለ ጨዋታ ደም ሊፈስ አይገባም። ስታዲየሙን ግንበኛ ይሠራዋል፤ እንግዳን ማክበርን ግን ልጅ ከእናት ካባቱ ቤት ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ልጆቻችንን ወደ ጨዋታ ስንልክ፥ ማሸነፍን ከማስተማራችን አስቀድመን የተሸነፈውን እጅ መጨበጥን እናስተምራቸው።